የቄስ ሞላ አንጀት

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

እጄ አሁንም ይሸታል። በሳሙና ታጠብኩት፣ በአልኮል አሸሁት፣ ሎሚ ሳይቀር ጨመቅሁበት፤ አልለቅ አለ። ሲስተር ዘነቡ "የታጠበው የሰውየው አንጀት፣ የቆሸሽሽው አንቺ" ብላ ሳቀችብኝ። እኔ መሳቅ አቃተኝ። ዛሬ ያደረግሁት ነገር ትክክል ይሁን ስሕተት የማውቀው ገና ከአራት ከአምስት ቀን በኋላ ነው። እስከዚያ ምን አባቴ እሆናለሁ?

ልጻፈው። ካልጻፍኩት ጭንቅላቴ ውስጥ ሲዞር ይከርማል።

ጠዋት ከብልባላ ማዶ አንድ ቄስ በቃሬዛ አመጡልኝ። ቄስ ሞላ ይባላሉ። ሆዳቸው ተነፍቶ ተወጥሯል፤ በጣት መታ ሲያደርጉት እንደ ከበሮ ይጮኻል። ከረቡዕ ጀምሮ ከታች የወጣ ነገር የለም፣ ነፋስ እንኳ። እንዲያም ሆኖ ሐሙስ ማሕሌት ቆመው አድረዋል፣ ትናንት ለሚካኤል ቀድሰዋል። በዚያ ሆድ! ለምን ቶሎ አላመጣችኋቸውም ብል ወንድማቸው መሪጌታ አበባው "ታቦት በሚወጣበት ቀን ቄስ ይተኛል እንዴ?" አሉኝ፤ አጥፊዋ እኔ የሆንኩ ይመስል።

አንጀታቸው ዞሯል። ትልቁ አንጀት በገዛ ራሱ ላይ ተጠምዝዞ መውጫውን ዘግቶታል። በዚህ በላስታ ደጋ ይህን በሽታ እንደ ጉንፋን ነው የማየው። መጀመሪያ ከታች ቱቦ አስገብቼ አየሩን ላወጣ ሞከርኩ፤ አንዳንዴ በዚህ ብቻ ይፈታል። የእሳቸው እምቢ አለ። ቱቦው ይዞ የወጣው ጥቁር ደም ነው። በቃ፣ የተጠመዘዘው መሞት ጀምሯል ማለት ነው። መክፈት ግድ ሆነ። እዚህ ሆስፒታል ደግሞ ቢላ የምይዘው እኔ ብቻ ነኝ።

ሳልከፍት ማስረዳት አለብኝ። የሞተውን ቆርጬ አወጣለሁ አልኳቸው። የቀሩትን ሁለት ጫፎች መግጠም ግን ላይሆንልኝ ይችላል፤ አንጀቱ በሰገራ የተሞላ ስለሆነ ስፌቱ ይለቃል፣ ከለቀቀ ይገድላል። ያኔ ጫፉን በሆድ ቆዳ ላይ አውጥቼ ሰገራው በከረጢት እንዲጠራቀም አደርጋለሁ። ከወራት በኋላ ሌላ ቦታ ሄዶ ይገጠማል።

ቄስ ሞላ ዓይናቸውን እንደጨፈኑ ሰሙኝና "ከረጢት ከሆነ ተዉኝ ልጄ። እንዲያ ሆኜ መቅደስ አልገባም" አሉ።

መሪጌታ አብራሩልኝ፣ ያልገባኝ መስሏቸው። ከሰውነቱ የሚፈስ ነገር ያለበት ሰው ለቅዳሴ አይቆምም። ወንድማቸው ከልጅነታቸው ጀምሮ ከዚህ በቀር ሌላ ሥራ አያውቁም። ይሞታሉ እኮ አልኳቸው። "እሱን እግዚአብሔር ያውቃል" አሉ። ተከራከርን። በመጨረሻ እሞክራለሁ፣ ቃል ግን አልገባም ብዬ ተስማማን። የቄሱ ሚስት እናኑ ጎናቸው ሆና እግራቸውን ታሻለች። ዕድሜዋ ከእኔ ብዙም አይርቅም።

ልብስ ቀይሬ ስመለስ በሩ ላይ የተለመደውን ጠየቅሁ፤ በአፋቸው የገባ ነገር አለ? መሪጌታ "ከትናንት ወዲህ እህል ውሃ አልቀመሱም" አሉኝ። ሰመመን ሰጪያችን አወል ሲያስተኛቸው ትንሽ ፈሳሽ ወደ ጉሮሯቸው ወጣ። ቶሎ መጠጠው፣ ኦክስጅናቸውም አልወረደም፤ ወደ ሥራችን ገባን።

ከፈትኩ። የዞረው አንጀት ጠቁሯል፣ ግን አልፈነዳም። ቆርጬ አወጣሁት። የቀሩት ጫፎች ቀይ ናቸው፣ ሲነኳቸው ይደማሉ፤ ሕያው ናቸው ማለት ነው። ከላይ ያለው አንጀት ግን እስከ አፉ ጢም ብሏል። በዚያ ላይ ስፌት መስፋት ጭቃ ላይ ምሰሶ እንደመትከል ነው። ደንቡ ግልጽ ነው፤ ከረጢት።

እጄ አልታዘዝ አለኝ። ሌላ መንገድ አለ፤ አንጀቱን እዚያው ጠረጴዛው ላይ አጥቦ መግጠም። ስማር መምህሬ ሲያደርጉት አይቻለሁ፣ ቱቦውንም ይዤላቸዋለሁ። ብቻዬን ግን አድርጌው አላውቅም። ጊዜ ይፈጃል፣ ሰውየው ደግሞ ተዳክመዋል። አወልን ይችላሉ ወይ አልኩት። ማሽኑን አየ፣ እሳቸውን አየ፣ "ደም ግፊታቸው ደህና ነው፤ አንቺ ብቻ አትንቀረፈፊ" አለኝ።

ውሃው መሞቅ አለበት፤ በቀዝቃዛ ከታጠቡ መላ ሰውነታቸው ይቀዘቅዛል። ዘነቡ ግሉኮስ ያለበትን ትታ በደም ሥር የሚሰጠውን የጨው ውሃ ከረጢት ሁሉ ሰበሰበች፣ ሙቅ ውሃ ባለበት ሳፋ ነከረችው፣ እየመዘዘች የሕፃን ገላ እንደሚያጥብ ሰው በክንዷ ትለካለች። ትርፍ አንጀቱን ቆረጥኩና በቀረው ቀዳዳ ቀጭን ቱቦ አስገባሁ፤ ውሃው በዚያ ይገባል። በታች በኩል በተቆረጠው ጫፍ ላይ ደግሞ ሰፊ ቱቦ አሰርኩ፤ አወል ከመተንፈሻ ማሽኑ የተረፈውንና ከዕቃው ጋር የተቀቀለውን ሰጠኝ። ሌላው ጫፉ ጠረጴዛው ሥር ባለ ባልዲ ገባ።

ውሃው ገባ። የሚወጣ ነገር ግን የለም። እንደ ላም ጡት አለብኩት፣ የደረቀውን በጣቴ ሰባበርኩት። ድንገት መጣ። ሽታውን አልጽፈውም። ዘነቡ በስማም አለች፣ አወል አስተግፊሩላህ አለ፣ እኔ አፌን ዘጋሁ። ቱቦው አንዴ ተደፈነ፣ አንዴ ደግሞ ከእስሩ ሸርተት ብሎ እግሬ ላይ ዘረገፈው። ጥቁር ወጣ፣ ቡናማ ወጣ፣ ቀጥሎ አጓት የመሰለ። ዘነቡ የቀረው የጨው ውሃ ጥቂት ነው ብላ አስጠነቀቀችኝ። ቀጥዪ አልኳት። ከዚያ ንጹሕ ውሃ ወረደ። ቆሜ አየሁት። በሕይወቴ እንደዚያ ባልዲ ውስጥ አፍጥጬ አላውቅም።

ሰፋሁት። ደግሜ በላዩ ሰፋሁት። ማስጠንቀቂያ እንዲሆነኝ ከስፌቱ አጠገብ አንድ ቀጭን ቱቦ ወደ ውጭ ተውኩ፤ ስፌቱ ከለቀቀ ቆሻሻው በዚያ ይታያል።

ከረጢት የለም ስላቸው መሪጌታ "ሚካኤል ነው" አሉ። ሚካኤልና ዘነቡ ናቸው ልል ነበር፤ ዋጥኩት።

እሑድ፣ ኅዳር 14

ነቅተዋል። ገና ዓይናቸውን ሲገልጡ መጀመሪያ ያደረጉት ሆዳቸውን በግራም በቀኝም መዳበስ ነው። ከረጢቱን ፈልገው። ሲያጡት እንባቸው በጆሯቸው በኩል ወረደ። "አጥበሽ ገጠምሽው አሉኝ" አሉ። አዎ አባ፣ ግን ገና ነው፣ አይመኑኝ አልኳቸው። ፈገግ አሉ። እኔ የምሬን ነበር።

የምፈራቸው፤ ትኩሳት። የልብ ምት። የሆድ መወጠር። በቱቦው የሚወጣው ፈሳሽ ቀለሙ መለወጥ። ዛሬ አንዱም የለም።

መብራት ጠፍቶ ውሏል። ለጄኔሬተሩ ናፍጣ እንቆጥባለን። የጨው ውሃውን ከክፍሎቹ ሁሉ አሟጠጥሽው ብለው ነርሶቹ አኩርፈውኛል። እውነታቸውን ነው።

ሰኞ፣ ኅዳር 15

የነቢያት ጾም ገባ። ለመጎብኘት ስሄድ ቄስ ሞላ "እኔ እኮ ቀድሜያችሁ ነው የጀመርኩት" ብለው ቀለዱብኝ። ከቀልዱ በኋላ ሳል ያዛቸው። ሲያስሉ ቁስሉን በሁለት እጃቸው ያዙት፣ ፊታቸው ተኮማተረ። ክፍሉ ይበርዳል፤ መስኮቱ አይገጥምም። ብርድ ነው አልኩ። እናኑ ጋቢ ደረበችላቸው።

ቱቦው ንጹሕ ነው። ሆዳቸው ዝም ብሏል፤ አንጀታቸው ገና አልተንቀሳቀሰም። መጠበቅ ነው።

እናቴ ከወገል ጤና ከተማ ደውላ ጾም ያዝሽ ወይ አለችኝ። ከቅዳሜ ጀምሮ ምግብ አይወርድልኝም ብላት ትደነግጣለች፤ ይዣለሁ እማዬ አልኩ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16

ትኩሳት።

ከሰዓት በኋላ ጀመራቸው። ትንሽ ነው። ትንሽ ነው እያልኩ ሦስቴ ተመላለስኩ፤ በየምላሹ ይጨምራል። የልባቸው ምት ፈጥኗል። ለራሴ ምክንያት ደረደርኩ፤ የተከፈተ ሰው ትንሽ ያተኩሰዋል፣ መርፌው የገባበት ቦታ ይሆናል፣ ሽንት ይሆናል። ሽንታቸውን አስመረመርኩ፣ ደህና ነው። መርፌውን ቀየርኩ። ራጁ ከተበላሸ ሰነበተ፤ የሚጠግነው ሰው መንገድ ተዘግቶበት አልመጣም።

ሆዳቸውን ስነካው ያማቸዋል። ቁስሉ ነው የሚያማቸው ወይስ ከቁስሉ በታች? እጄን አነሳሁ። ዛሬ ኪዳነ ምሕረት ነች። ከሥራ ስወጣ ደጇን ስሜ ተመለስኩ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 17

ብሶባቸዋል። ይንቀጠቀጣሉ፣ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ ይላል፣ ዓይናቸው ጎድጉዷል። ሆዳቸው ጠንክሯል ወይስ እኔ ስነካቸው ነው የሚያጠነክሩት? አላወቅሁም። ቱቦው ንጹሕ ነው፤ ግን ቱቦ ይዋሻል፣ ሲደፈን ንጹሕ ይመስላል። ስፌት የሚለቀው ደግሞ ልክ በዚህ ቀን ነው።

ለቋል። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?

ወደ ወልድያ ልላካቸው አልኩ፤ መንገዱ ዛሬም ዝግ ነው። መምህሬ ጋ ደወልኩ፤ መስመሩ አይሠራም። ስለዚህ የሰፋሁትን ራሴ እፈታለሁ። ነገ ጠዋት እከፍታለሁ፣ ጫፉን አወጣለሁ፣ ከረጢቱን እለጥፋለሁ። በዚህ አቅማቸው ሁለተኛ ሰመመን ይችሉ እንደሆነ አወልን ስጠይቀው "እንጃ" አለኝ።

ለመሪጌታ ነገርኳቸው። ጮኸው ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ዝቅ ባለ ድምፅ "ታዲያ ያን ሁሉ ምን አሳጠበሽ?" አሉኝ። አሁን ይፈቅዳሉ ወይ ብላቸው እሱን ራሱን ጠይቂው አሉ። ቄስ ሞላ ደግሞ ይቃዣሉ። አንዴ ቅዳሴ ይጀምራሉ፣ አንዴ በሬ ይጠራሉ። መሪጌታ መቋሚያቸውን አነሱና "አድርጊው" ብለው ወጡ።

እዚህ ላይ ለራሴ እውነቱን ልናገር። ያጠብኩት ለማን ብዬ ነው? ለእሳቸው መቅደስ? ወይስ እኔ እንደምችል ለማየት? ንጹሑ ውሃ ሲወርድ ደስ ያለኝ ለሰውየው ብቻ አልነበረም። ባልዲውን እያየሁ በራሴ ተደስቼ ነበር። ያን ቀን ደንቡን ይዤ ከረጢት ባወጣ ኖሮ ዛሬ አኩርፈው፣ ግን ተቀምጠው ሾርባ ይጠጡ ነበር። ገድያቸው ከሆነስ?

ሐሙስ፣ ኅዳር 18

አልከፈትኩም።

ሁሉም ተዘጋጅቶ ነበር። ዘነቡ ዕቃውን ዘርግታለች፣ አወል መድኃኒቱን ስቧል፣ ቄሱ በተሽከርካሪ አልጋ በሩ ላይ ደርሰዋል። እናኑ ከነጠላዋ ሥር አንድ የፕላስቲክ ጠርሙስ አወጣች።

"ዶክተር፣ እንደ ቅዳሜው ጠበሉን ልስጣቸው ወይ?" አለችኝ።

የቱ ቅዳሜ አልኳት። ነገረችኝ። ሳትደብቅ፣ ሳትፈራ። ቅዳሜ ዕለት እኔ ልብስ ልቀይር ስገባ እዚሁ በር ላይ አንድ ጣሳ ሙሉ ጠበል አጠጥታቸዋለች። አሸተን ማርያም ድረስ ዘመድ ልካ ያስመጣችውን። ሆዳቸው ስለተወጠረ እየገፋቸው፣ እሷም "ይግፉት፣ ይጨርሱት" እያለቻቸው ጨርሰውታል።

"በአፋቸው ምንም አልገባም አላላችሁኝም?" አልኳት። ጮኼያለሁ መሰለኝ።

መሪጌታ ከኋላዋ ሆነው "ምንም አልገባማ። ጠበል እኮ ነው" አሉ። አልዋሹኝም። ፊታቸውን አየሁት፣ ውሸት የለበትም። ጠበል በባዶ ሆድ የሚጠጣ፣ ጾመኛ የሚጠጣው፣ ለበሽተኛ ከሁሉ በፊት የሚቀድም ነገር ነው። እህል ውሃ ተብሎ አይቆጠርም። እኔስ ልጅ ሆኜ ስንቴ ጠጥቼ የለም እንዴ? ጠበልስ ብዬ ግን አልጠየቅሁም። ስንት ዓመት እዚህ ስሠራ አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም።

አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። አወልን አየሁት፣ እሱም እኔን አየኝ። ሲያስተኛቸው የወጣው ፈሳሽ! የጨጓራ ፈሳሽ አልነበረም፣ ያ ጣሳ ሙሉ ጠበል ከሆዳቸው ተመልሶ ነው። እሱ ከመጠጠው በፊት ምን ያህሉ ወደ ሳንባ ወረደ?

ሳንባቸውን አላዳመጥኩም አይደለም፤ ከፊት ከፊት አዳምጬ ነበር። ቁስሉ እንዳያማቸው ብዬ አላገላበጥኳቸውም። አሁን እኔና አወል ደግፈን አስቀመጥናቸው። በቀኝ በኩል፣ ከጀርባ፣ ከታች፤ ደረቅ ቅጠል ላይ እንደመሄድ ያለ ድምፅ። ጆሮዬን አላመንኩም፣ ማዳመጫውን ለአወል ሰጠሁት። "እዚህ ነው ያለው" አለ።

ሆዱስ? ሆዱን ሳላረጋግጥ መተው አልችልም። እሳቸው እጄን ሲያዩ ሆዳቸውን ያጠነክራሉ። ስለዚህ አዋራኋቸው። አባ፣ እሑድ የጽዮን ማርያም ማሕሌትን ማን ይመራዋል አልኳቸው። ትንሽ ነቃ አሉ። የመሪጌታ ድምፅ እንደሻከረ፣ የአጎራባቹ ደብር ሰው ሊመጣ እንደሆነ፣ እሱም ዜማውን እንደሚያፈጥን ሲያማርሩልኝ ጣቴን ቀስ አድርጌ ሰደድኩ። ፊታቸው አልተኮማተረም። ወሬያቸውንም አላቋረጡም። ከቁስሉ ራቅ ብሎ ሆዳቸው ለስላሳ ነው።

መልሷቸው አልኩ። ዘነቡ "እርግጠኛ ነሽ?" አለችኝ። አይደለሁም። ስፌቱ ለቆ ከሆነና ዛሬ ካልከፈትኩ ነገ የሉም። ሳንባቸው ከሆነና ከከፈትኩ ደግሞ ከጠረጴዛው አይነሱም። አንዱን መምረጥ ነበረብኝ፣ መረጥኩ። መድኃኒታቸውን ቀየርኩ። ቁጭ ብለው እንዲውሉ፣ ትራስ አቅፈው እንዲያስሉ፣ በሰው ተደግፈው እንዲራመዱ አዘዝኩ።

አወል ሻይ ይዞልኝ መጣ። "እኛ ዘንድ የተቀደሰው የዘምዘም ውሃ እንኳ ጾም ያፈርሳል፣ እናንተ ምን ዓይነት ሰዎች ናችሁ?" አለኝ። በሳምንቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅሁ፤ መሃል ላይ ሳቁ ወደ ልቅሶ ተቀየረብኝ። አወል ሻዩን አስቀምጦ ወጣልኝ።

ዐርብ፣ ኅዳር 19

በሕይወት አሉ።

ትኩሳቱ አለ፣ ከትናንት አይብስም። በእናኑ ትከሻ ተደግፈው ኮሪደሩን እስከ በሩ ሄደው ተመለሱ፤ ላባቸው ጠብ ጠብ ይላል። አክታቸው አረንጓዴ ነው። አክታ አይቼ ደስ ይለኛል ብዬ አስቤ አላውቅም። ሳንባ ነው፣ ሳንባ ነው።

ግን አንጀቱ? እስካሁን ድምፅ የለም። የሚጠበቀው አንድ ነገር ነው፤ ነፋስ መውጣቱ። ከወጣ መንገዱ ክፍት ነው፣ ስፌቱም ይዟል። እስኪወጣ ግን የማምነው ነገር የለኝም። ትልቁ መሪጌታ አበባው፣ ደብሩ ሁሉ የሚፈራቸው ሰው፣ ቢሮዬን አንኳኩተው ገብተው ግራ ቀኝ አይተው "ልጄ፣ ያ ነገር… ካልወጣ ክፉ ነው ወይ?" አሉኝ። ክፉ ነው አልኳቸው። እንጸልያለን ብለው ወጡ። ስለምን እንደሚጸልዩ ለደብሩ ምን ብለው ይነግሩ ይሆን?

ራቴን በላሁ። ግማሹን።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 20

ወጣ!

ከደብሩ ካህናት ሊጠይቋቸው መጥተው አልጋቸውን ከበው ቆመዋል። አቡነ ዘበሰማያት ላይ ሲደርሱ ቄስ ሞላ ለቀቁት። እንዲህ በቀላሉ አይደለም፣ ክፍሉ ሁሉ ሰማው። ዲያቆናቱ መሬት መሬት ያያሉ፤ አንዱ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። መሪጌታ ግን ጸሎቱን አቁመው፣ እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው፣ "እግዚአብሔር ይመስገን" አሉ። ከዚያ ካቆሙበት ቀጠሉ። ነርሷ እየሮጠች መጥታ ነገረችኝ፤ እኔም እየሮጥኩ ሄድኩ። ቄስ ሞላ በሐፍረት ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ስበዋል። አባ፣ ከዚህ የተሻለ ነገር ሊነግሩኝ አይችሉም አልኳቸው።

ከሰዓት በኋላ ሰገራም ወጣ። ትንሽ። አይቼዋለሁ፣ እናኑ ልትደፋው ስትል አስቁሜ አይቼዋለሁ። ደም የለበትም።

አምስት ማንኪያ አጥሚት ፈቀድኩላቸው። ጠበሉንም በማንኪያ ፈቀድኩ፤ ቁጭ ብለው ከሆነ። አዲስ ልማድ አውጥቻለሁ፤ ዛሬ ጠዋት ለመጣች ምጥ ለያዛት ሴት ቤተሰቦች ምን ቀመሰች ብዬ ከጠየቅሁ በኋላ፣ ጠበልስ አልኩ። አማቷ "እሱማ እንዴት ይቀራል?" አሉኝ። አወል ግንባሩን ያዘ።

እሑድ፣ ኅዳር 21

ጽዮን ማርያም ናት። ከተማው ነጭ ለብሷል። ሆስፒታሉ ጭር ብሏል፤ መሄድ የቻለ ሁሉ ሄዷል። መሪጌታም ማሕሌቱን ሊመሩ ሄደዋል፤ የአጎራባቹን ደብር ሰው አላስደረሱትም።

ቄስ ሞላ ትኩሳታቸው ጠዋት አልነበረም፣ ከሰዓት ትንሽ መጣ። ሳሉ አለቀቃቸውም። ከስተዋል፤ ቀለበት ቢያደርጉ ከጣታቸው ይወድቃል። ሳንባ ላይ ገና ነን፣ በዚህ ብርድ ተመልሶ ሊያገረሽ ይችላል። ቤት መቼ እገባለሁ ሲሉኝ አላውቅም አልኳቸው። ለገና ቆሜ እቀድሳለሁ አሉ። ከሆነ ይሆናል።

ከክፍሉ ጀርባ ቧንቧው ጋ እናኑን አገኘኋት፤ አንሶላቸውን ታጥባለች። እንኳን አደረሰሽ አልኳት። መለሰችልኝ። ላልፍ ስል ቀና ሳትል ጠራችኝ። እስከ ዛሬ እርስዎ ነበር የምትለኝ። ዛሬ አንቺ አለችኝ።

"ያን ቀን ስለ ከረጢቱ ስትጠይቂ፣ እሳቸው መቅደሱን አሉ። መሪጌታም መቅደሱን አሉ። አንቺም ሰምተሽ ገባሽ።" አንሶላውን አንዴ ነከረችው። "እኔን ምነው ሳትጠይቂኝ? እኔ እኮ ከረጢቱን አጥብላቸው ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ አጥብላቸው ነበር።"

ሞተው ቢሆን ኖሮ ይህን ሳልሰማ ነበር የምቀረው። ይቅርታ ልላት ፈለግሁ፤ ባሏ ተርፎላት ሳለ ይቅርታው የምን እንደሆነ አፌ ላይ አልመጣልኝም። እሷም መልስ የምትጠብቅ አትመስልም።

አንሶላው ሲርስ ከባድ ነው፣ ብቻዋን አልቻለችውም። አንዱን ጫፍ ያዝኩላት፤ እሷ ወደ ቀኝ እኔ ወደ ግራ እያዞርን ጨመቅነው፣ አጥሩ ላይም አሰጣነው። ከውስጥ ሲያስሉ ተሰማን። እጇን በቀሚሷ አድርቃ ገባች። ነገ ጠዋት ጀርባቸውን ደግሜ አዳምጣለሁ።